ቀብድ ከፍዬ ነው የባሕሩን ልክ ያወቅኩት

ባለፉት ጥቂት ወራት ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ወደ እኔ መጥተዋል። ሁለቱ ከአረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ናቸው፣ አንዱ የጭነት መኪና ያለው ሰው ነው። ሦስቱም ስልካቸው ላይ የባሕር ቪዲዮ አላቸው። ሦስቱም «ኬንያ ውስጥ የባሕር ዳርቻ መሬት በርካሽ ተገኝቷል፣ አንቺ አልፈሽበታልና ንገሪን» ይላሉ። ቡና እየቀዳሁ ለእያንዳንዳቸው ነግሬያለሁ። ግን ሁሉም ሰው እኔ ጋ አይመጣም። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

እኔ የጅማ ልጅ ነኝ። ዱባይ 13 ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ሰው ቤት፣ ኋላ ደግሞ ልብስ መደብር ውስጥ። በእረፍት ቀኔ ባሕሩ ዳር ሄጄ እቀመጥ ነበር። እኛ ስናድግ የምናውቀው ውኃ አዌቱ ነው፤ ክረምት ሲሞላ የሚያስፈራ፣ በጋ ልጆች ሱሪያቸውን ሰብስበው የሚሻገሩት። ባሕርን ሳይ ግን አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን የራሴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ አልኩ። ያጠራቀምኩትን ገንዘብ በዚህ ምክንያት እዚያው ባንክ ትቼው በ2014 ዓ.ም. ጅማ ገባሁ። እዚያው ጅማ መርካቶ አካባቢ የጀበና ቡና የምሸጥበት ትንሽ ቤት ከፈትኩ፤ የጅማ በርጩማ ደርድሬ፣ ቄጤማ ጎዝጉዤ።

የእህቴ ልጅ ሞምባሳ መካኒክ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ አሁንም በክፉ አላነሳውም። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደወለ።

«አክስቴ፣ የምትመኚው ነገር ተገኘ። ከሞምባሳ ወደ ሰሜን፣ ኪሊፊ አካባቢ። ሩብ ኤከር ነው፣ ቀጥታ ባሕሩ ላይ። 42 ሺህ ዶላር።»

ሩብ ኤከር ማለት 1,000 ካሬ ሜትር ግድም ነው። ጅማ መሃል ከተማ 200 ካሬ ስንት እንደሚጠየቅበት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ገምቱ። ቪዲዮ ላከልኝ። አምስት የኮኮናት ዛፎች፣ ነጭ አሸዋ፣ ውኃው ደግሞ ራቅ ብሎ ያንጸባርቃል። ያን ቪዲዮ በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ደላላው «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቀብድ ካልገባ ይሸጣል» አለ። እዚህ አገር ደላላ ይህን ሲል ስንቴ ሰምቻለሁ! ጅማ ውስጥ ቢሆን ኖሮ «ይሽጠው» ብዬ ስልኬን እዘጋ ነበር። ባሕር ሲሆን ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዱባይ ሒሳቤ 9,000 ዶላር በቀጥታ ለሻጩ አስገባሁ። ውል የለም። ጠበቃ የለም። በእጄ ያለው የካርታው ፎቶ ብቻ ነው። ማኅተሙንና አርማውን አየሁና ጥሩ ነው አልኩ። ላዩ ላይ የተጻፈውን አላነበብኩም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተቴ ይሄ ነው፣ ሌሎቹ ሁሉ ከዚህ የተወለዱ ናቸው። ኬንያ ውስጥ በተለመደው አሠራር ቀብዱ ከዋጋው 10 በመቶ ነው። በጠበቃ በኩል ይገባል፣ ዝውውሩ እስኪያልቅ ድረስ በአደራ ይቀመጣል። እኔ ከ20 በመቶ በላይ በባዶ እጅ ሰጠሁ። እባካችሁ፣ ደላላው የፈለገውን ቢል ገንዘብ ከጠበቃ በፊት አይሂድ።

ታኅሣሥ ላይ ሄድኩ። ከጅማ ብርድ ወጥቶ ሞምባሳ መውረድ እንፋሎት ቤት እንደመግባት ነው። የገረመኝና ደስ ያለኝ ነገር ሰዓታቸው ነው። በስዋሂሊ ሰዓት ሲቆጥሩ እንደኛው ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሉ አንድ ሰዓት ነው። አገሬ ያለሁ መሰለኝ። በማግስቱ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ እነሱ ቱክቱክ የሚሉትን ይዘን ወደ መሬቱ ሄድን።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ደረስን። አሸዋው የለም። በቪዲዮው ላይ ያየሁት ያ ሁሉ ነጭ አሸዋ ውኃ ሆኗል። ማዕበሉ መጥቶ የኮኮናቶቹን ሥር ይመታል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመታል። ከአንዱ ዛፍ ሥር አፈሩ ተቦርቡሮ ሥሩ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። የእህቴ ልጅ ቃል አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ጫማዬን አውልቄ ቆሜ ሳለሁ የባሕር አረም ተጠምጥሞ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀረ።

መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ልጁ በስዋሂሊ ጠየቃቸው። ጣታቸውን ወደ ሰማይ አነሡና ትናንት ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች አሉ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ከወትሮው በላይ ይወጣል፣ ከወትሮው በታች ይወርዳል። በዚያ ዳርቻ እንዲህ ባለው ቀን በከፍታውና በዝቅታው መካከል ከ3 ሜትር የሚበልጥ ልዩነት አለ። ቪዲዮው የተቀረጸው ውኃው ወርዶ ወርዶ በቆመበት ሰዓት ነበር። ልጁ ሆን ብሎ አላታለለኝም፤ ደላላው ሰዓቱን መርጦ ነው የወሰደው።

ከዚያ በኋላ ነው ጠበቃ የፈለግነው። የቤተሰብ ሰው ጠይቀን ሞምባሳ ውስጥ አንዲት የመሬት ጠበቃ አገኘን። የካርታውን ፎቶ አየች። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። «የምን አገር ዜጋ ነሽ?» አለችኝ። ኢትዮጵያዊ ነኝ አልኳት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ማስረዳት ጀመረች።

ካርታው «ፍሪሆልድ» ይላል፤ ባለቤትነቱ የዘመን ገደብ የለውም ማለት ነው። ይህ እኔን ደስ ያሰኘኝ ነበር። ነገር ግን የኬንያ ሕገ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው፣ በአንቀጽ 65 የውጭ ዜጋ መሬት በሊዝ ብቻ እንዲይዝ ይላል፤ እሱም ከ99 ዓመት አይበልጥም። 99 ዓመት የሚለው ለእኛ እንግዳ አይደለም። እዚህም የከተማ መኖሪያ ቦታ በሊዝ ሲሰጥ 99 ዓመት ነው። ስለዚህ በዚህ አልደነገጥኩም። ያስደነገጠኝ ቀጥሎ ያለው ነው። መሬቱ በመዝገብ ላይ የእርሻ መሬት ነው። የእርሻ መሬት ሲሸጥ የመሬት ቁጥጥር ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል። ገዢው የውጭ ዜጋ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ቦርዱን ፈቃዱን ከልክል ብሎ ነው የሚያዘው። የግል ድርጅት አቋቁሞ በስሙ መግዛትም አያስመልጥም፤ ከባለአክሲዮኖቹ አንዱ የውጭ ዜጋ ከሆነ ያው ነው። ፈቃድ ያልተገኘለት ሽያጭ ፈራሽ ነው።

እሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የመሬት ሕጉ ሲሻሻል ቁጥጥር የሚደረግበት መሬት የሚባል ነገር ገብቷል። ከባሕሩ የከፍታ መስመር፣ ማለትም ውኃው ሲወጣ ከሚደርስበት፣ አንደኛና ሁለተኛ ረድፍ ላይ ያለ መሬት በዚህ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለውን ለውጭ ዜጋ ለማስተላለፍ አስቀድሞ የመሬት ጉዳይ ሚኒስትሩ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። «ቀጥታ ባሕሩ ላይ» የሚለው ቃል ልቤን የሰረቀው፣ ለካ ሕጉም ጠበቅ የሚያደርገው እዚያው ላይ ነው።

በማግስቱ ጠበቃዋ ያገናኘችን ቀያሽ መጣ። ይህን ሰውዬ አልረሳውም። ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ መሣሪያ ይዞ፣ ቆንጨራ በወገቡ አንጠልጥሎ ነበር። ደላላው ድንበሩ ይሄ ነው ብሎ ወደ ባሕሩ ያሳየንን ቦታ አላየውም። ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ከኮኮናቶቹ ኋላ ሄደ፣ ሄደ። ቆመ። ቅጠሉን በቆንጨራው ጠረገና በጉልበቱ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ቆፈረ። ሲሚንቶ ታየ፤ መሃሉ ላይ የዛገ ብረት። ችካሉ ያ ነበር።

ችካሉ ጋ ቆሜ ወደ ባሕሩ ሳይ አምስቱም ኮኮናቶች ከፊቴ ናቸው። አንዳቸውም በመሬቱ ውስጥ የሉም። ቀያሹ እንዳስረዳን በኬንያ የቅየሳ ደንብ የመንግሥት መሬት ባሕር ዳር ሲሸነሸን ከከፍታ መስመሩ ወደ ውስጥ ቢያንስ 60 ሜትር ለመንግሥት ይተዋል። ደላላው «እስከ ውኃው ያንቺ ነው» ብሎ ያሳየኝ ቦታ አብዛኛው ያ የተተወው መሬት ነው። ሰውየው የራሱ ያልሆነውን መሬት ጨምሮ ሲያሳየኝ ነበር። በረንዳዬን በሕልሜ የሠራሁት በሕዝብ መሬት ላይ ነው።

ካርታና ችካል እዚያው ቦታው ላይ በቀያሽ ሳይመሳከሩ ባሕር ዳር ምንም አትግዙ። የቀያሹን ክፍያ ልጁ ብዙ ነው ብሎ ሲከራከር ነበር። ከ42 ሺህ ዶላር ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

የግንባታውን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔ እዚያ አልደረስኩም። መሬቱ በትክክል የእናንተ ቢሆን እንኳ የካውንቲው አስተዳደር ፕላኑን ማጽደቅ አለበት። ከአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ የተፅዕኖ ግምገማ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሥራ ተቋራጩና ፕሮጀክቱ በግንባታ ባለሥልጣኑ ዘንድ መመዝገብ አለባቸው። እርሻ ተብሎ የተመዘገበ መሬት ላይ ቤት ወይም እንግዳ ማረፊያ ለመሥራት አስቀድሞ አገልግሎቱን ማስቀየር ግድ ነው። ከመሬቱ አጠገብ የባሕር ውኃ የሚገባበት ረግረግና ማንግሮቭ የሚባለው የጨው ውኃ ዛፍ ካለ ደግሞ ዛፏን አትንኩ፤ እዚያ አገር ማንግሮቭ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ የመንግሥት ደን ነው። በዚያው መስመር ላይ አንድ ሰው ቤቱን ከማዕበል ለመጠበቅ ከፊቱ የድንጋይ ግንብ ሠርቶ አየሁ። የሱ ግቢ ደኅና ነው። ግንቡ ያለቀበት፣ ጎረቤቱ ጋ ግን ውኃው ዞሮ ገብቶ መሬቱን እንደ ዳቦ ቆርሶታል። ግንብ ያለፈቃድ የማይሠራው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ደላላው ተስፋ አልቆረጠም። «ችግር የለም፣ በኬንያዊ ስም እናዙረው» አለ። እሱ የሚያውቀው ሰው አለ፤ በሱ ስም ይገዛል፣ እኛ ለብቻ የአደራ ወረቀት እንፈራረማለን። የእህቴ ልጅ ዓይኔን አየ። አልዋሽም፣ ለአንድ ሌሊት አሰብኩበት። ጠበቃዋ ግን እዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ ያለውን አሳየችን፤ በአደራ የተያዘ መሬት የዜጋ ነው የሚባለው ጥቅሙ ሙሉ በሙሉ የዜጋ ሲሆን ብቻ ነው። ኩባንያም እንደዚያው፤ የዜጋ የሚባለው ባለቤቶቹ በሙሉ ዜጎች ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ያ የአደራ ወረቀት ፍርድ ቤት ቢቀርብ የሚያድነኝ ሳይሆን የሚያጋልጠኝ ነው። ሰውየው ነገ ቢሞት ደግሞ ልጆቹ ይወርሱታል። እኔ ማን ነኝ ብዬ ልቀርብ ነው?

ከዚህ በኋላ ያለው ስምንት ወር ገንዘቤን የማስመለስ ነው። ጅማ ተመልሼ ቡናዬን እየሸጥኩ፣ ማታ ማታ ከልጁ ጋር እየተደዋወልኩ። ተስፋ የሰጠኝ አንድ ነገር ነበር። የእርሻ መሬት ሽያጭ በቦርዱ ፈቃድ ማጣት ሲፈርስ የተከፈለው ገንዘብ እንደ ዕዳ እንደሚመለስ ያው ሕግ በግልጽ ይላል። ጠበቃዋ ይህን ጠቅሳ ለሻጩ ደብዳቤ ጻፈች። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ በወር በወር መክፈል ጀመረ። 6,500 ዶላር ተመለሰልኝ። የቀረው 2,500 ቀረ። ክስ ብመሠርት ወጪው ከዚያ ይበልጣል ብላ መከረችኝና ተውኩት። ይህን ለመቀበል ጊዜ ፈጀብኝ። 2,500 ዶላር ዱባይ ውስጥ ስንት ሸሚዝ አጣጥፌ እንደማገኘው አውቀዋለሁ።

የባንክ ማስረጃው ባይኖር ኖሮ ይህም አይገኝም ነበር። ገንዘቡ የሄደው በባንክ፣ በሻጩ ስም፣ «ለመሬት ቀብድ» ተብሎ ነው። ለደላላው በእጅ የሰጠሁት 300 ዶላር ግን እስከ ዛሬ ወሬው የለም።

ስለ ገንዘብ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ ገንዘብ ውጭ አገር ሠርቼ እዚያው ያስቀመጥኩት ነው። እዚህ ብር ያላችሁ ግን አስቡበት። ባንክ ውጭ አገር ቤት ልግዛ ላለ ሰው ዶላር አይሸጥም፤ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይጠይቃል። በጥቁር ገበያ በሐዋላ ብትልኩት እዚህ ወንጀል ነው፣ እዚያ ደግሞ ጠበቃው የገንዘቡን ምንጭ ሲጠይቃችሁ መልስ አይኖራችሁም። ሻጩ ቢክዳችሁም ከፍያለሁ የምትሉበት ወረቀት የላችሁም።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ እንደገና ሞከርኩ። በዚህ ጊዜ መሬት አልፈለግኩም። ከሞምባሳ ሰሜን ባለችው ምትዋፓ ከተማ፣ ከባሕሩ አራተኛ ረድፍ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ። በረንዳው ላይ ሆኜ ባሕሩን አላየውም። በእግር ስምንት ደቂቃ ነው። ማታ ግን ሲጮህ ይሰማል።

እዚህም ልወድቅ የነበረበት ጉድጓድ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት አፓርታማ ከሁሉ ርካሽና ቆንጆ ነበር። «የ99 ዓመት ሊዝ ነው» ተባልኩ። ጠበቃዋ መዝገቡን ስታወጣ ሊዙ የተጀመረው ድሮ ነው፤ የቀረው 31 ዓመት ነበር። 99 ዓመት ሲባል እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይቆጠርም። መቼ ነው የጀመረው ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የገዛሁት 74 ዓመት የቀረው ነው። ደግሞም አፓርታማው የራሱ የሆነ ካርታ እንዳለው አረጋግጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የጋራ ሕንፃ ሕግ ለእያንዳንዱ ቤት ለየብቻ ካርታ እንዲወጣ ነው የሚያደርገው። ሞምባሳ አካባቢ መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ ቤቱ ብቻ የሚሸጥበት የቆየ ልማድም አለ። ርካሽ የሆነ ቤት ስታዩ «መሬቱ የማን ነው?» በሉ።

አሁን ግብሩ። ሰው የቤቱን ዋጋ ይዞ ሲሄድ በመጨረሻ ገንዘብ የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማውጣት አለባችሁ፤ ያለሱ ዝውውር የለም። ከዚያ እኛ አሹራና ቴምብር እንደምንለው እዚያ የቴምብር ቀረጥ አለ። ከተማ ውስጥ 4 በመቶ፣ ገጠር 2 በመቶ ነው። የሚከፍለው ገዢው ነው። የእኔ ቤት ዋጋ 36 ሺህ ዶላር ነበር። የመንግሥት ገማች መጥቶ 38 ሺህ ያወጣል አለ። ቀረጡ የተሰላው በሱ ግምት ነው፤ 1,520 ዶላር። የጠበቃ፣ የመዝገብ ምርመራና የምዝገባ ክፍያ ሲጨመር ወደ 2,600 ገደማ አወጣሁ። እኔ ከዋጋው ላይ 10 በመቶ ለብቻ አስቀምጬ ስለነበር አልተጨነቅኩም። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ውሉ ሊፈረም ሲል የሻጩ ወገን ሰው ጠራኝ። «ውሉ ላይ 20 ሺህ ብለን እንጻፈው፣ ቀረጥሽ ይቀንሳል» አለኝ። እንደ ውለታ ነው ያቀረበው። አገራችንም ይደረጋል፣ ብዙ ሰው ብልጠት ይመስለዋል። እስቲ አብረን እናስላው። ኬንያ ውስጥ ቤት የሚሸጥ ሰው ካተረፈው ላይ 15 በመቶ ግብር ይከፍላል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2022 መጨረሻ 5 በመቶ ነበር፣ ከ2023 መጀመሪያ 15 ሆነ። ዋጋው ዝቅ ተብሎ ቢጻፍ የሱ ትርፍ ትንሽ መስሎ ግብሩ ይቀንስለታል። እኔ ደግሞ ነገ ቤቱን በ45 ሺህ ብሸጠው የገዛሽበት 20 ሺህ ነው እባላለሁ። ትርፍሽ 25 ሺህ ነው፣ 3,750 ክፈዪ። እውነተኛው 36 ሺህ ቢጻፍ ግን ትርፌ 9 ሺህ፣ ግብሩ 1,350 ነው። ቀረጡ ላይ ብዙ ቢባል 640 ዶላር ባተርፍ፣ ኋላ 2,400 እከፍላለሁ። ያውም ገማቹ የራሱን ዋጋ ስለሚያወጣ 640ውም አይገኝም። የሱን ግብር በእኔ ጫንቃ ላይ ሊያዞር ነበር። ሕጉን መጣስ መሆኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። አይሆንም አልኩ። ተቆጣ፣ ግን ፈረመ።

ሻጩ የካውንቲውን ዓመታዊ የንብረት ግብርና ለመንግሥት የሚከፈለውን የመሬት ኪራይ ጨርሶ መክፈሉን የሚያሳይ ክሊራንስ ማምጣት አለበት። የእኛው ሻጭ የአምስት ዓመት ውዝፍ ነበረበት። ጠበቃዋ ከዋጋው ላይ ቀንሳ ራሷ ከፈለችው። ያገባ ከሆነም የባለቤቱን የስምምነት ፊርማ ጠይቁ።

ቤቱን ሳልኖርበት አከራየዋለሁ። በስሌቴ ውስጥ ፈጽሞ ያልነበረው ነገር የኪራዩ ግብር ነው። እዚያ አገር ነዋሪ ላልሆነ ባለቤት ከኪራዩ ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል፤ ወጪ አይቀነስም፣ ከጠቅላላው ነው። በወር 300 ዶላር ቢከራይ 90ው ይሄዳል። የአገሩ ነዋሪ ግን እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ 7.5 በመቶ ነው የሚከፍለው። ልዩነቱን ስታዩ «በልጁ ስም ላድርገው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ለእኔም መጥቶ ነበር። ያንን መንገድ አንዴ ስላየሁት ተውኩት። ከቀረው ላይ ደግሞ የሕንፃው ጥበቃ፣ ውኃና ጽዳት ወርሃዊ መዋጮ አለ። ኪራይ ያበለጽገኛል ብላችሁ አትግዙ። የምትኖሩት ኢትዮጵያ ከሆነ ደግሞ የውጭ ገቢያችሁን እዚህም ማሳወቅ አለባችሁ፤ የእኛ የገቢ ግብር ሕግ ነዋሪውን በዓለም ዙሪያ በሚያገኘው ገቢ ላይ ነው የሚያየው። እዚያ የከፈላችሁት ይታሰብላችኋል፣ ስለዚህ ደረሰኙን አትጣሉ። የእኔ ደረሰኞች ከስኒው መደርደሪያ በላይ፣ በቆርቆሮ የብስኩት ሣጥን ውስጥ ናቸው።

ውክልናውን ልረሳው ነበር። ሁሌ መመላለስ ስለማልችል ለእህቴ ልጅ ውክልና ሰጥቻለሁ። ውልና ማስረጃ ስሄድ የተዘጋጀው ወረቀት እንደተለመደው «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» ይላል። አስወጣሁት። እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲቀበል፣ ግብር እንዲከፍል ብቻ ብዬ አስጻፍኩ። ልጁ ቅር ይለው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። «አክስቴ፣ እኔም እንደዚህ ይሻለኛል። ለሌላ ሰው ስም መልስ መስጠት ሰልችቶኛል» አለኝ። ያ ሁሉ ጣጣ እሱንም ጎድቶት እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። ዘመድን አምኖ መላክ ክፉ አይደለም። ግን ዘመድ መካኒክ ነው፣ ጠበቃ አይደለም፣ ቀያሽ አይደለም። ያልሆነውን እንዲሆን የጫንኩበት እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ተመልሳ መጣች። በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ስልኳን ዘረጋችልኝ። አዲስ ቪዲዮ ነው። ነጭ አሸዋ፣ ኮኮናት፣ ውኃው ራቅ ብሎ። «ይሄኛውስ?» አለችኝ።

«የተቀረጸው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ነው?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ስልኳን አነሣችና እዚያው ፊቴ ደላላው ጋ ደወለች።